በሰይድ ፈንታ አማቱ፣ በዘሀራ ፈንታ እናቷ

ደመወዜን ከለከለኝ ብሎ አሠሪውን የሚረግም ሰው በያለበት አለ። ደመወዝ ይዞ ተቀበሉኝ እያለ የሰው ደጅ የሚዞር አሠሪ ግን በዕድሜዬ ያየሁት አንድ ብቻ ነው። አሠሪው ህንድ ነበሩ፣ ሱቃቸው ቆቦ ነበር፣ ጥፋቱ ደግሞ የእኔ ነበር። ጥፋቱን ከሁሉ አስቀድሜ ልናገር ብዬ ነበር፤ ሰው ነኝና ወደ ኋላ አቆየሁት።

ሚስተር ጎፓል መጀመሪያ ቆቦ የመጡት ሒሳብ ሊያስተምሩ ነው። ካስተማሩኝ ሰዎች ሁሉ በእኔ ተስፋ ያልቆረጡ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ቢሆኑ በየሴሚስተሩ ይጥሉኝ ነበር። ኮንትራታቸው ሲያልቅ ብር አዋጥተን ሸማ ገዝተን ሸኘናቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ጠዋት ከአይሱዙ ጋቢና ሲወርዱ አየናቸው። ከኋላ የተጫነው የውሃ ፓምፕና ቧንቧ ነበር። ያኔ የቆቦ ሜዳ ገበሬ ጉድጓድ መቆፈር የጀመረበት ጊዜ ነው፤ ሰውዬው ክፍል ውስጥ ሲያሰሉ የኖሩትን አሁን በገበያ ሊሞክሩት ነው። ከአንድ የከተማችን ነጋዴ ጋር በሽርክና አስፋልቱ ዳር ሱቅ ከፈቱ። ፈቃዱ እንዴት እንደ ወጣ አትጠይቁኝ። የሽርክናውን ወረቀት የተረጎምኩት እኔ ነኝ፣ እስከ ዛሬም አልገባኝም።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሚስተር ጎፓል ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ ስለሚያስተምሩ አማርኛ የሚያወሩት እቤት ከሴት ሠራተኛቸው ጋር ብቻ ነበር። ስለዚህ ወንዱንም ሴቱንም፣ ትንሹንም ትልቁንም "አንቺ" ይላሉ። አንድ ቀን የመንገድ ትራፊክ ፖሊሱን "አንቺ፣ ተይ" ብለውት ሰውዬው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ዕቃ የጫነልንን መኪና ሳይከስ ለቀቀው። እኔም አንቺ ነበርኩ። ከጊዜ ብዛት እቤት ውስጥ እንኳ አንቺ ሲባል ቀና እል ጀመር።

ሠራተኛ ሲፈልጉ ዘመድ አዝማድ አላማከሩም፤ ፈተና አወጡ። ቆቦ ውስጥ ቧንቧ ለመሸጥ በእርሳስና በላጲስ የተፈተነ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም፣ ከዚያ በኋላም መኖሩን አልሰማሁም። ሃያ የሚሆን ሰው በርሜል ላይ ወረቀቱን አስደግፎ ላብ በላብ ሆነ። ከሁሉ የበለጡት ሁለት ነበሩ፤ ሰይድ የሚባል ባለትዳር ጎልማሳና ዘሀራ የምትባል አሥረኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ። ጎን ለጎን ነው የተቀመጡት። ያገኙት አንድ ዓይነት ነው፣ የሳቱትም አንድ ዓይነት።

"ተኮራርጀዋል፣ ሚስተር" አልኳቸው።

"አውቃለሁ። ሁለቱም ይቀጠራል" አሉ። "አንዷ ታውቃለች። አንዷ ደግሞ የሚያውቀው ማን እንደ ሆነ ታውቃለች። ለሱቅ ሁለቱም ያስፈልጋል።"

ማን ከማን እንደ ኮረጀ እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ እኔ ሰይድን እጠረጥራለሁ። እኔን ግን ያለ ፈተና ነው የቀጠሩኝ። "አንቺ በፊት ተፈትነሻል፣ ወድቀሻል" አሉኝ። "ግን በአራት ዓመት አንድ ቀን ከክፍል አልቀረሽም።" እንዲህ ሆኜ የሱቁ ኃላፊ ሆንኩ። እናቴ ደስታዋን ለሰፈር ስትናገር ምክንያቱን አላነሳችም።

ቀጥሎ ተገቢው ደመወዝ ስንት እንደ ሆነ ጠየቁኝ። እኔም ቆቦን ዞሬ አጥንቼ መጣሁ። ለሰይድ ይሄን ያህል፣ ለዘሀራ ግማሹ አልኩ።

"ለምን?"

"ሴት ናት፣ ሚስተር።"

እስክሪብቷቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ይህን ሲያደርጉ ጥያቄ ሊመጣ መሆኑን ከክፍል ጀምሮ አውቃለሁ።

"ሻይ ቤት ስትሄድ ሻይ በግማሽ ዋጋ ይሸጡላታል?"

"አይሸጡላትም።"

"ጫማስ?"

"አይ።"

"ታዲያ አንቺ ምን አጥንተሽ መጣሽ?" አሉኝ። እኩል ከፈሏቸው። ከእሳቸው የተማርኩት ሒሳብ ይሄ ብቻ ነው ብል ውሸት አይሆንም።

ሕጋቸው አንድ ነበር፤ የተገኘ ይከፈለዋል፣ ያልተገኘ አይከፈለውም። ለዚህም ከትምህርት ቤት ልማድ ያመጡት የስም መጥሪያ መዝገብ ነበራቸው። በየጠዋቱ ሦስታችንን ባንኮኒው ፊት ያሰልፉንና ስም ይጠራሉ። ሦስት ሰው! በዓይናቸው እያዩን! "ሰይድ!" "አቤት!" "ዘሀራ!" "አቤት!" የባጃጅ ሾፌሮች ተራቸውን ትተው ይህን ለማየት ይቆማሉ። መጀመሪያ ሰሞን ሳቁብን፤ ኋላ አንዳንዶቹ አብረው አቤት ማለት ለመዱ።

ዘሀራ ይህን ስም ጥሪ ከሁላችንም በላይ ትወደው ነበር። ምክንያቱን አንድ ቀን ቧንቧ ስንቆጥር ነገረችኝ። አባቷ ሞተዋል። እናቷ እማማ ሀዋ ወደ ዋጃ አቅጣጫ ትንሽ የማሽላ መሬት አላቸው። እሷን ዓረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት የሚወስድ ደላላ እናቷን ሲያስጨንቅ ከርሞ ፎቶ ሁሉ አስነስቷታል። እናትና ልጅ የተስማሙት፣ ወር በወር ደመወዝ እስከ ገባ ድረስ እንዳትሄድ ነው።

"ከቀረ ግን እሄዳለሁ" አለችኝ። "ወላሂ መሄዱን አልፈልገውም። ከእኛ ሰፈር የሄደችው ልጅ ተመልሳ መጥታ ሦስት ወር ከሰው አልተነጋገረችም።"

ይህን እያወቅሁ ነው እንግዲህ ያጠፋሁት።

ጥቅምት ሲያልቅ ሚስተር ጎፓል ዕቃ ሊያመጡ አዲስ አበባ ሄዱ። አሥር ቀን እቆያለሁ አሉ። መዝገቡን በሁለት እጃቸው አስረከቡኝና "የተገኘውን ጻፊ፣ ያልተገኘውን ጻፊ። ሌላ ነገር አታስቢ" አሉኝ። የመጨረሻዋን ትእዛዝ ያለ ችግር ፈጸምኩ።

በሄዱ በማግስቱ ግሪሳ መጣ። ግሪሳ ያላየ ሰው ካለ፣ ትንሽ ወፍ ነው፤ አንዱን ብታዩት ያሳዝናችኋል። መንጋው ሲወርድ ግን የሰው የዓመት ቀለብ ከቁርስ እስከ ምሳ ያልቃል። ማሽላው ደርሷል፣ እሸቱ ጠንክሯል፣ የራያ ሜዳ በሙሉ ማማ ላይ ወጥቶ ይጮኻል። ወንጭፍ ያለው በወንጭፍ፣ ጣሳ ያለው በጣሳ።

ሰይድ ጠዋት መጥቶ ባንኮኒው ላይ ተደገፈ። "ወንድሜ፣ ማሽላዬ ሊያልቅ ነው።"

"ሚስተር ምን ይሉኛል? ያልተገኘ አይከፈለውም።"

"ማን እቀራለሁ አለ? አማቴን ልኬ እሄዳለሁ።"

እዚህ ላይ ትስቁብኝ ይሆናል። በእኛ አገር ግን ይህ መልስ ሙሉ መልስ ነው። ወንፈል እንላለን፤ ዛሬ አንተ ለእኔ ትውላለህ፣ ነገ እኔ ለአንተ። ለአጨዳ መምጣት ያልቻለ ወንድሙን ከላከ ቀረ አይባልም። ከቤቱ ሰው መጥቷል። እኔም በሙሉ ልቤ፣ ሕግ ጣስኩ ብዬ ሳላስብ፣ በሰይድ ስም ፊት "ተገኝቷል" ብዬ ጻፍኩ። የሰይድ አማት ሸህ አደም ናቸው፤ መቁጠሪያቸውን ይዘው የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን የዘሀራ እናት ለብቻቸው ጮኸው ጮኸው ድምፃቸው ጠፋ። ስለዚህ ልጅቷ ማማ ላይ ወጣች፣ እናትዬዋ ባንኮኒ ጀርባ ገቡ። ዘሀራና ሰይድ መሬታቸው ስለሚዋሰን ጠዋት የአንዱን ከሰዓት የሌላውን አብረው ይጠብቁ ነበር። ዘሀራም ተገኝታለች አልኩ።

እማማ ሀዋ ሲሸጡ ማየት ነበረባችሁ። አንድ የሮቢት ገበሬ ፓምፕ ሊገዛ ብሩን በመቀነቱ ቋጥሮ መጣ።

"የማን ልጅ ነህ?" አሉት በዚያው በጠፋ ድምፃቸው። ነገራቸው።

"አባትህን አውቃቸዋለሁ። ያ ድንጋያም መሬት ውሃ ሰጣችሁ?"

"ገና እቆፍራለሁ፣ እናቴ።"

"ሳትቆፍር ፓምፕ? ሂድና ቆፍር። ውሃ ካገኘህ ኢንሻላህ ትመጣለህ፣ ካላገኘህ ብርህ ላንተ ይቅር።"

ሰውዬውን አባረሩት። እኔ ራሴን ያዝኩ። በሁለተኛው ቀን ውሃ አግኝቶ፣ ሦስት ጎረቤቶቹን አስከትሎ ተመለሰ። "እዚህ ሱቅ የማያስፈልግህን አይሸጡልህም" የሚል ወሬ ሮቢት ድረስ ተሰምቷል። ቧንቧ ለገዛው ደግሞ ማሽላ የሚሰፍሩ ይመስል አንድ መጋጠሚያ ምርቃት ይጨምሩለታል። ሸህ አደም በበኩላቸው ሶላት ሲደርስ ሱቁን ክፍት ትተው ይሄዳሉ፤ ገዢው የሚፈልገውን ያነሣና ብሩን ድንጋይ ጭኖበት ይሄዳል። አንዲት ሳንቲም አልጎደለም።

ይህን ሳይ እኔ ምን እሠራለሁ አልኩ። አጎቴም ማሽላ አለው። መዝገቡን ለሸህ አደም ሰጠሁና ሄድኩ። ሸሁ የሚጽፉት በዓረብኛ ፊደል ብቻ ስለሆነ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለውን የስም ጥሪ ያነበበ የለም።

ሚስተር ጎፓል በአሥር ቀን ይመጣሉ የተባሉት በስምንተኛው ቀን መጡ። የሆነውን ኋላ ሸህ አደም ናቸው ያጫወቱኝ። ወደ ባንኮኒው ጀርባ ሊገቡ ሲሉ አንዲት የማያውቋቸው ሴትዮ እጃቸውን ዘርግተው ከለከሏቸው።

"ወዴት? የማን ልጅ ነህ?"

"እኔ ባለቤት ነኝ!"

"ባለቤቱ አዲሳባ ናቸው። ራሰ በራ ናቸው ብላኛለች ልጄ። እስቲ ኮፍያህን አውልቅ።"

ሚስተር ጎፓል በገዛ ሱቃቸው፣ በገዛ ደንበኞቻቸው ፊት፣ ኮፍያቸውን አወለቁ። እማማ ሀዋ አዩና "ይግቡ ጌታዬ" አሉ። ሚስተር መዝገቡን አንሥተው ስም ጠሩ። "ሰይድ!" ሲሉ ሸህ አደም ከከረጢቱ ላይ "አቤት" አሉ። "ዘሀራ!" ሲሉ እማማ ሀዋ "አቤት" አሉ። የእኔን ስም ሲጠሩ አቤት ያለ የለም። እኔ ተተኪ አልላክሁም ነበር።

ከአጎቴ ማማ ላይ ሆኜ አንዲት ባጃጅ አቧራ እያነሣች ስትመጣ አየሁ። የአጎቴ፣ የሰይድና የእማማ ሀዋ መሬት የተያያዘ ስለሆነ ሦስታችንም እዚያው ነበርን። ሚስተር ከነከረባታቸው ማሽላው መካከል ቆመው ወደ ላይ ያዩኛል።

"ምን ትሠሪያለሽ?"

"ወፍ እጠብቃለሁ፣ ሚስተር።"

"ሱቅ ማን አለ?"

"እኛ ነን ያለነው" አልኩ። ከልቤ ነው የመለስኩት።

በአራት ዓመት ትምህርት ያላየሁት ፊት አየሁባቸው። ሦስታችንንም ተራ በተራ አዩንና "ሁላችሁም ወድቃችኋል። በሐሰት ተገኝቷል ተጽፏል። ነገ ሌላ ሠራተኛ እፈልጋለሁ" አሉ። ባጃጇ ዞረች።

ሰይድ ተሳደበ። ዘሀራ ግን ወንጭፏን አጣጥፋ መሬት ላይ አስቀመጠች፣ ሻሿንም አስተካከለች። ማልቀስ ብትጀምር ይሻለኝ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ደላላው እነ ዘሀራ ደጅ ተቀምጦ አየሁት። ቆቦ ከተማ ወሬ ለማድረስ ስልክ አያስፈልጋትም።

በዚያው ጠዋት ሚስተር ጎፓል ፍትሕ ሊያደርጉ ተነሡ። የሠራ ይከፈለው አሉና ለእማማ ሀዋና ለሸህ አደም ብር በፖስታ አደረጉ። እማማ ሀዋ ፖስታውን አልነኩትም።

"እኔ ተቀጥሬ ነው እንዴ? ለልጄ ነው የቆምኩ። ልጄ ለማሽላዬ ጮኻለች። ብሩን ምን አመጣው?"

ሸህ አደም ጋ ሄዱ። "አስተግፊሩላህ! ለልጄ ባል ስውል የውሎ አበል ልቀበል?" ብለው ጭራሽ ተቀየሟቸው። ሰይድ ጋ ሄዱ፣ ሰይድ አኩርፎ በሩን ዘጋ። ዘሀራ ጋ ሄዱ። እሷ ግን በትሕትና ነው የመለሰችላቸው። "አልተገኘሁም፣ ሚስተር። ያልተገኘ አይከፈለውም ብለዋል።"

እንዲህ ፖስታ ይዘው ቆቦን ሲዞሩ ዋሉ። ለባለቤቱ ያልደረሰ ደመወዝ እጃቸው ላይ ሲያድር የሚያማቸው ሰው ነበሩ። በመጨረሻ እኔ ዘንድ መጡ። የያዝኩትን ሁሉ ተናገርኩ። የፈቀድኩት እኔ ነኝ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ እኔን ያባርሩኝና ዘሀራን ይመልሷት አልኩ። የደላላውን ነገርም ነገርኳቸው። እሱን አልሰሙም ኖሯል።

እስክሪብቷቸውን አውጥተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

"ሴትዮዋ ሱቄ ውስጥ ስድስት ቀን ሠራች። በብር አትቀበልም። በምንድን ነው የምትቀበለው?"

"በቀን ነው፣ ሚስተር። የዋለልህ ሰው ጋ ትውላለህ።"

"ስድስት ቀን?"

"ስድስት ቀን።"

በማግስቱ ማለዳ ከረባታቸውን አስረው፣ እጀ ጉርድ ሸሚዛቸውን ተኩሰው፣ እማማ ሀዋ ማሽላ ዳር ደረሱ። ዘሀራ ማማው ላይ ነበረች። ውረጂ አሏትና በስንት መከራ ወጡ። ወንጭፉን አልቻሉበትም፤ የመጀመሪያው ድንጋይ የእኔን ትከሻ ነው ያገኘው፣ አውቀው ይሆን እንዴ ብዬ እስካሁን አስባለሁ። ስለዚህ በጩኸት ብቻ ገፉ። በአገራቸው ቋንቋ ያላቸውን ሁሉ ጮኹ። እሱ ሲያልቅባቸው የማባዣ ሰንጠረዥ ጀመሩ። "ሰባት ጊዜ ስምንት!" ሲሉ ግሪሳው ብር ብሎ ይነሣል። በየማማው ያለው ጠባቂ ሳቁን ለቆ "ሃምሳ ስድስት!" እያለ ይቀበላቸዋል። እኔ ዝም አልኩ፤ እርግጠኛ አልነበርኩም።

ዘሀራ ከታች ቆማ ታያቸዋለች። ጎንበስ ብለው አዩዋት።

"ምን ትጠብቂያለሽ? እኔ እዚህ ነኝ። ሱቅ ማን አለ?"

ልጅቷ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማ ወደ አስፋልቱ ሮጠች። የሮጠችበት አቧራ እስኪበርድ ድረስ ሚስተር፣ እኔና በራሱ ማሽላ ዳር የቆመው ሰይድ ስናያት ቆየን። ሰይድ ቀስ ብሎ ተከተላት። እኔንም "አንቺ ክፍሉን ትደግሚያለሽ" አሉኝ፤ እስከ ፋሲካ በጀማሪ ደመወዝ ሠራሁ፣ ቅር አላለኝም።

ስድስቱንም ቀን ዋሉ። በስድስተኛው ቀን ደላላው ማሽላው ድረስ መጥቶ እማማ ሀዋን "ወረቀቱ አልቋል፣ ልጅቱን መቼ ልውሰድ?" አላቸው። እኔ ለሚስተር ምሳ ይዤ መጥቼ አጠገባቸው ነበርኩ። ከማማው ላይ ድምፃቸው የተዘጋ ሰውዬ "ዘጠኝ ጊዜ ዘጠኝ" እያሉ ነው።

"ልጄ ሥራ ላይ ናት" አሉት። "የሚያሠራት ሰውዬ ማሽላዬ ላይ ቆሞልኛል። ያንተዎቹ መጥተው ይቆሙልኛል?"

ደላላው ወደ ላይ አየ። ከዚያ ወደ አስፋልቱ ተመለሰ።

ዘሀራ አልሄደችም። ዛሬ ዋጃ ላይ የራሷ የፓምፕ ሱቅ አላት ይሉኛል። እማማ ሀዋ አርፈዋል። ሚስተር ጎፓልም ከጥቂት ዓመት በኋላ አገራቸው ገቡ፤ በሄዱበት ደህና ይሁኑ። ያ ሱቅ አሁን ባንክ ሆኗል። በዚያ በኩል ሳልፍ ቆም እላለሁ፣ ለምን እንደ ሆነም አውቀዋለሁ።

እኔ ደግሞ ደሴ ላይ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ከፍቼ ሁለት ሠራተኛ አሠራለሁ። ወር ሳያልቅ እከፍላለሁ፣ ለሴትም ለወንድም እኩል እከፍላለሁ። ባለፈው ዓመት አንደኛዋ ሳትነግረኝ አንድ ቀን ቀረች። ቀኗን ቆረጥኩባት፤ በሕጉ ልክ ነኝ። እናቷም፣ ወንድሟም፣ ማንም በእሷ ፈንታ አልመጣም። እኔም ምን ሆና ይሆን ብዬ ቤቷን ልጠይቅ አልተነሣሁም። ቀኑን ሙሉ ግን በሩን በሩን ሳይ ዋልኩ።